ጨጓራዋ ደህና ነበር

ባሌ ሮቤ ውስጥ ከእምብርቱ በታች የታመመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጉልበት ይፈቀዳል፣ ቁርጭምጭሚትም ይፈቀዳል። በእምብርትና በጉልበት መካከል ያለው አገር ግን ሰው የማይኖርበት ይመስል ማንም አይታመምበትም። እዚያ ያመመው ሁሉ ሕመሙን ሽቅብ ይወስድና «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ጨጓራ ጨዋ ነው፤ በአማት ፊት ይጠራል፣ በቄስ ፊት ይጠራል፣ ለቅሶ ላይም ይጠራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከእኛ ከተማ ሰው አብልጦ የሚተርት የለም፤ ከእኛ ከተማ ሰው አብልጦ በሽታውን የሚደብቅም የለም። እኔን ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉ። ስለ እህቴ ስናገር ግን ማሳጠር አልችልበትም።

ታላቅ እህቴ ሮቤ ገበያ ዳር የእህል መጋዘን ነበራት። የአጋርፋ ገበሬዎች ስንዴና ገብስ ያወርዱላታል፤ እሷ ከሚዛኑ አጠገብ ጆንያ ላይ ጉብ ብላ ትከራከራቸዋለች። ዋጋ ሲሆን በኦሮምኛ፣ ንዴት ሲሆን በአማርኛ፣ ሳቅ ሲሆን በሁለቱም ነው። አንድ ሱስ ነበራት፤ ሚጥሚጣ። ጠዋት በባዶ ሆዷ ዳቦ በሚጥሚጣ እያጠቀሰች ትበላና «አሁን ገና ዓይኔ ተገለጠ» ትላለች። እኔ አንዴ ልሞክር ብዬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ይዤ ዋልኩ፤ እሷ ትስቃለች። እንዲህ ያለ ጨጓራ የነበራትን ሴት ነው እንግዲህ በጨጓራ ያሳበብንባት።

እናትና አባታችንን ያጣነው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ያሳደጉን የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ ሁለት የሙት ልጆችን የሰው አፍ ሳያስገቡ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ለእኛ ያወረሱን ቤትም መሬትም አይደለም፤ «ስም ነው ያለን፣ እሱን ጠብቁ» ይሉን ነበር። በሰንበቴውም በዕድሩም የሚከበሩ ናቸው። ቅዳሴ ላይ ሌላው አሮጊት ሁሉ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ቁጭ ሲል እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ይቆማሉ። ሰው ሁሉ ብርታታቸውን ያደንቃል፤ እኛም እንኮራባቸው ነበር።

እኔ የምኖረው ጎባ ነው፤ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሮቤ እወርድና ከእህቴ ጋር እውላለሁ። አንድ ጊዜ መጋዘኑ ስገባ ቆማ ስትመዝን አገኘኋት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ቆማለች። ስትቀመጥም ቀኝ ጭኗ ላይ ብቻ አጋድላ ነው፤ ትንሽ ትቆይና ብድግ ትላለች። አንድ የአጋርፋ ሽማግሌ፣ ከድሮ ጀምሮ ስንዴውን ለሌላ ሰጥቶ የማያውቅ ደንበኛዋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «ማል ታቴ?» አላት፤ ምን ሆነሽ ነው ማለቱ ነው። እሷ ሚዛኑን እያስተካከለች ምንም አልሆንኩም አለችው። እሱም አላመናትም መሰለኝ፣ ሲወጣ «ረቢን ሲ ሃ ፈይሱ» ብሎ መረቃት፤ ፈጣሪ ይማርሽ ማለት ነው። ደህና ነኝ ላለች ሴት እንዲህ አይባልም።

እትዬን ጠየቅኋቸው። ጨጓራዋን ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ፤ ለምን አላምን? ከጎባ ተልባ ተሸክሜ ወረድኩ። ጎረቤቱ አጃ አመጣ፣ ዘመድ እርጎ አመጣ፣ አንዷ ማር አመጣች። ሰው ለጨጓራ ያለው ደግነት መቼም አያልቅም። ሁላችንም ተባብረን ሚጥሚጣዋን ቀማናት። እህቴም ተልባውን ጠጣች። ለሌለባት በሽታ ስትታከም፣ ያለባት በሽታ ደግሞ ሥራውን እየሠራ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት በደም ነው። አንድ ቅዳሜ ከጆንያው ላይ ስትነሳ ጆንያው ላይ ደም አየሁ። የመጋዘኑን በር ገርበብ አደረግሁና ምንድን ነው አልኳት። የወር አበባ ነው ልትል ፈልጋ ነበር፤ ዕድሜዋ አልፎበታል፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ ተንሰቅስቃ አለቀሰችና ሁሉንም ነገረችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በላይ ቀድሞ ነው። መጸዳጃ ቤት ስትገባ ደም ታያለች፤ ቀጥሎ ያማታል፤ ቀጥሎ ደግሞ እብጠት ነገር በጣቷ አገኘች። የነገረችው ለእትዬ ብቻ ነው። እትዬም ኪንታሮት ነው፣ የሴት ልጅ ዕዳ ነው፣ ችለሽ ተቀመጪ አሏት። መቀመጥ አቃተኝ ስትላቸው ከሃረና ጫካ ሥር የሚያመጣ አንድ አዋቂ ዘንድ ወሰዷት። ሰውዬው ኪንታሮቱን ያደርቀዋል ያለውን ነገር ለጠፈባት። እንዴት እንዳቃጠላት ስትነግረኝ መናገር አቅቷት የመጋዘኑን ግድግዳ በመዳፏ መታች። እብጠቱ አልደረቀም፤ ቁስል ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ክሊኒክ የሄዱት፤ እዚህ ጋ ነው እኔ ደሜ የሚፈላው። ሐኪሙ ወጣት ወንድ ነው። ምንሽን ነው ብሎ እህቴን ጠየቃት። እህቴ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ አጠገቧ አሉ። እሳቸው ቀደሙና «ጨጓራዋን ነው» አሉ። ተመልከቱልኝ! ለጎረቤት የተፈጠረችው ውሸት ከአፍ ለምዳ ለምዳ ሐኪም ፊት ወጣች። እህቴም አላረመቻቸውም፤ እንዴት ታርማቸው፣ በዚያ ወጣት ፊት፣ ያሳደጓትን ሴት ውሸታም አድርጋ? ሐኪሙ ሆዷን ተጫነ። ሆዷ ምን አደረገ! የጨጓራ እንክብል አዘዘላትና ክረምቱን ሙሉ እሱን ስትውጥ ከረመች።

ሐኪሙንም አልምረውም። ተመልሳ ሄዳ፣ ድፍረቷን ሁሉ አሰባስባ፣ ደም አለው ብላው ነበር። ሳያያት ኪንታሮት ነው አለና ቅባት ጻፈላት። ከወንበሩ አልተነሳም። እሷ ብታፍር የአስተዳደጓ ነው፤ እሱ በምን ዕዳው ነው የሚያፍረው? ስንት ዓመት የተማረው ለማፈር ነው? አንዲት ጓንት አጥልቆ አንዴ ቢያይ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጎባ ወስጄ አንዲት ሴት ሐኪም ጋ አስገባኋት። ሐኪሟ መጋረጃውን ሳበች፣ እህቴን በጎኗ አስተኛቻትና በጣቷ መረመረቻት። እጇን ታጥባ ተቀመጠችና ይሄ ኪንታሮት አይደለም፣ ናሙና መወሰድ አለበት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ ሂዱ አለችን። ምርመራው ሻይ የሚፈላበትን ያህል እንኳን አልፈጀም። ያን ያህል ጊዜ ነው ዓመት ሙሉ ያጣንላት።

እትዬ አብረውን እንዲሄዱ ለመንኳቸው። መኪና አልችልም አሉ። ተቀየምኳቸው፤ ሌላ ምን አውቄ!

ከሮቤ አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ነው። መቀመጥ የማይችል ሰው ሙሉ ቀን በአውቶቡስ እንዴት እንደሚሄድ ያላየ ሰው ስለ ሕክምና ተደራሽነት ስብሰባ ላይ ባይናገር ደስ ይለኛል። በየወረዳው መናኸሪያ ቆመን ስንሄድ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ጋ ስንደርስ፣ እህቴ በሁለታችን ወንበር ላይ በጎኗ ተጋድማ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ጥርሷን ትነክሳለች። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው አዝኖላት ምኗን ነው አለኝ። አፌን ልከፍት ስል ጭኔን ቆነጠጠችኝና ራሷ ጨጓራ ነው አለችው። ሰውዬው እስከ ዶዶላ ድረስ የጨጓራ መድኃኒት ሲነግረን ሄደ። ነጭ ሽንኩርት በማር ብሎ ጀምሮ ጥቁር አዝሙድ ላይ ደረሰ። እሱ ሲተኛ እኔና እሷ ተያየን፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ስትስቅ ያማታል፣ ሲያማት ደግሞ ይብስ ያስቃታል።

ውጤቱ መጣ። የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ስፔሻሊስቱ ደርበብ ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው፤ እኔ ግን ጥያቄዬን አነሳሁበት። ሁሉንም በአማርኛ አስረዳኝ። ይህ ካንሰር ብዙ የሚታይ አይደለም፣ ነገር ግን በብዙ አገር እየጨመረ ነው፣ በተለይ በሴቶች ላይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ያው የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ራሱ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ይሄድለታል፤ ጥቂቱ ላይ ይቀራል። ነውር የሚባል ነገር የለበትም። በጊዜ ከተገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢላ እንኳን አያስፈልገውም፤ በጨረርና በመድኃኒት ይጠፋል። ይህን ሲለኝ እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በጊዜ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን መሮኝ አያውቅም።

እኛ አገርስ ስንት ሰው ነው የሚይዘው አልኩት፤ እየጨመረ ነው እየቀነሰ? ስንቱስ ይድናል? እኛ ጋ የደረሰውን ነው የምንቆጥረው አለኝ፣ ያልደረሰውን ማን ያውቀዋል? ከባሌስ አልኩት። ከባሌ ብዙም አላየሁም አለ። ይሄኔ ነው የገነፈልኩት። ባሌ እንዴት ይታይ! ባሌማ ያለው ጨጓራ ነው፤ ባሌ የሞተ ሁሉ በጨጓራ ነው የሚሞተው፣ ደፋር ከሆነ ደግሞ በኪንታሮት። ሰውዬው አልተቆጣኝም፤ ሌላውም አካባቢ እንደዚያው ነው አለኝ። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ለበሽታው ስም ካልተሰጠ አይቆጠርም። ካልተቆጠረ የለም ይባላል። የለም ለተባለ በሽታ ደግሞ የጨረር ማሽን የሚያቆምልህ፣ ሐኪም የሚመድብልህ ማን ነው? የእኛ ይሉኝታ እኛ ቤት ብቻ የሚቀር መስሎን ነው፤ እሱ ግን አድጎ አድጎ ወረፋ ሆኖ ጠበቀን።

ወረፋው ረጅም ነበር። ከአገሩ ሁሉ የመጣ ሰው አለ፣ ማሽኑ ደግሞ ይበላሻል፣ ይጠገናል፣ ዳግም ይበላሻል። አንዲት ዘመድ ቤት ተጠግተን ጠበቅን። ተራዋ ሲደርስ እንደገና ታየች፤ በሽታው ጉበቷ ላይ ወጥቷል። ጨረሩ አሁን ለማስታገሻ ካልሆነ አያድናትም አሉን። ጥቂት ተሰጣት፣ ሕመሙ ቀለል አለላት፣ ወደ ሮቤ ተመለስን።

እቤት ተኝታ ሳለች ነው እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የክትባት ቀን የሆነው። ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠው ያው የቫይረሱ ክትባት ነው። ወላጆች ተጠርተው ነበር፤ ግማሹ መካን ያደርጋል ብሎ ልጁን ቤት አስቀርቷል። ሊያስረዳ የመጣው ባለሙያ ስለ ማህፀን በር ካንሰር በደንብ ተናገረ። እጄን አወጣሁና የመቀመጫንም ካንሰር ያመጣል አይደል አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ፈገግ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አካባቢ የለም አለ። የለም! እህቴ እቤት ውስጥ በሆዷ ተኝታ እያቃሰተች፣ በእኛ አካባቢ የለም። አለ፣ እህቴ ናት ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ሳትፈቅድልኝ የእሷን ገመና ሳቂ ላለበት አዳራሽ አልሰጥም። ሮቤ ቤት ስገባ ግን ነገርኳት፤ ሲስቁም፣ የለም ሲባልም።

ሰምታ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ አየችኝ።

«ስሞት ጨጓራ እንዳትሉኝ» አለች። «ጨጓራዬ ምን በደለኝ? እኔ እንደሆንኩ ሚጥሚጣዬን ለከንቱ ነው የተውኩት። የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ የገደለኝን በስሙ ጥሪልኝ። ከለቀስተኛው ሴቶች አንዷ እንኳን ሰምታ ብትነሳ ይበቃኛል።»

እሺ አልኳት። በማግስቱ ደግሞ ሚጥሚጣዋን አምጪልኝ አለች። አመጣሁላት። በዳቦ አጥቅሳ ትንሽ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም።

እኛ አገር ቀብር ላይ ከፍትሐቱ በኋላ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ተወለደች፣ ተማረች፣ ለወገን ደራሽ ነበረች ይባልና መጨረሻው ላይ ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ባደረባት ሕመም በሕክምናና በጸበል ስትረዳ ቆይታ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፈች። ስንቱን ቀብር ቆሜ ሰምቼዋለሁ! ባደረባት ሕመም። ሕመም ወፍ ነው እንዴ የሚያድረው? ስም የለውም? የሬሳ ሳጥኑ ላይ ስሟን በትልቁ ጽፈው የገዳይዋን ስም ይደብቁላታል።

እትዬ ምን ልል እንዳሰብኩ አውቀዋል። ሬሳው ሳይወጣ ጓዳ ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ወንድ ያንብበው አሉ መጀመሪያ። እኔ ነኝ የማነበው አልኳቸው። ከዚያ እጄን ያዙኝ። እህቴን ምን ሠርታ ነው ይሏታል፣ ባል ፈትታለች፣ ነጋዴ ናት፣ ስንቱን ይጨምሩባታል አሉ። የፈሩት ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ የከተማችንን አፍ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ስሟን ከሬሳዋ ጋር ልትቀብሪው ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የገደላትን ነው የምጠራው። ጨጓራ ብለን ብለን ነው እዚህ የደረስነው።»

እጄን ለቀቁኝ። ያን ቃል ስናገራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ ቁጣ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቷል። ገበያው ግማሹ ተዘግቶ መጥቷል፤ የአጋርፋ ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። አነበብኩ። ልጅነቷን፣ መጋዘኗን፣ እኔን ማስተማሯን። ሚጥሚጣዋንም ጨመርኩ፣ የሚያውቋት በለቅሶ መሀል ፈገግ አሉ። መጨረሻው ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ፣ በፊንጢጣ ካንሰር ታማ፣ ኪንታሮትና ጨጓራ ስትባል ቆይታ፣ በጊዜ ብትታይ ልትድን ስትችል ሞተች አልኩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዷ ምን ቀረሽ ስትል ሰማኋት። ምንም አልቀረኝም። ለዘመናት ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ስንል የኖርን ሰዎች፣ ለተረት ሲሆን ያላፈርንበትን ለሬሳ ሲሆን አፈርንበት። ቄሱ ነፍስ ይማር አሉና ጸሎቱን ቀጠሉ።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ ቀን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በማግስቱ አንዲት ሴት ሊጥ የምትፈልግ መስላ ጓዳ ተከተለችኝና እንዴት ነበር የጀመራት አለችኝ። ቀጥላ ሌላ መጣች፤ ለእህቴ ልጅ ነው የምጠይቀው አለች፤ ለማን እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። እየተቆጣሁም እያለቀስኩም የጎባዋን ሐኪም የት እንደሆነች ነገርኳቸው።

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው ሳስቶ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ነበር። እትዬ ከግድግዳው ጥግ ናቸው። ሰው ሲገባ ይነሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይቀመጣሉ። ሲቀመጡ አየኋቸው። ቀኝ ጭናቸው ላይ ብቻ አጋድለው፣ በእጃቸው መሬቱን ደግፈው። ልክ እንደ እህቴ። ትንሽ ቆዩና ብድግ አሉ። መቋሚያው፣ ቅዳሴ ሙሉ መቆሙ፣ መኪና አልችልም ያሉት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

ጓዳ አስገባኋቸውና ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳቸው። ምኑ አላሉኝም። ከእሷ በፊት አሉኝ። ከብዙ ዓመት በፊት።

«እኔም አለብኝ፣ ችዬው ነው የኖርኩት፣ አንቺም ቻይው አልኳት» አሉ። «የእኔና የእሷ አንድ መሰለኝ። ልጄን እኔ ነኝ . . .»

አላስጨረስኳቸውም። ልጮህባቸው ነበር የገባሁት፤ ማርያምን፣ ልጮህባቸው ነበር። እሳቸውን ያስተማራቸው ማን ነው? እሳቸውም ሲያማቸው አንዷ ቻይው ብላቸዋለች፣ ያቺንም ሌላዋ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ሴት ቀብረን እንደሆነ የሚቆጥርልን የለም። ቁጣዬ አልበረደም፣ ዛሬም አልበረደም፤ ግን እሳቸው ላይ የሚያርፍ አልነበረም። አቀፍኳቸው። እንደ ወፍ ቀልለዋል።

ሐዘኑ ሳይወጣ በማለዳው ሚኒባስ ጎባ ይዣቸው ወጣሁ። ቆመው እንዳይሄዱ ረዳቱን ተጣልቼ የኋላውን ወንበር ሙሉውን አስለቀቅሁላቸው፤ በጎናቸው ተጋደሙ። የእሳቸው ኪንታሮት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ መንገዱን ሁሉ ኪንታሮት ይሁን፣ እባክህ ኪንታሮት ይሁን እያልኩ ነበር። ሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል ስንደርስ ሰልፉ በሩ ድረስ ወጥቷል። ከፊታችን የሰንበቴ ባልንጀራቸው አሉ፣ ከኋላችን የሮቤ ነጋዴዎች። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ምንዎን ነው የሚያምዎት አለቻቸው።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እትዬ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጡ።

«መቀመጫዬን ነው» አሉ፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ጨጓራ ብለሽ እንዳትጽፊ።»